የከሱት ደንበኞች

«መቀሱን ቆልፌበታለሁ» ስትል ነው የደረስኩት። እህቴ ጀርባዋን ለኩሽናው በር ሰጥታ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ ሽንኩርት ትከትፋለች። «እንደ ሕፃን ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አላለም። ዝም አለ። አይ፣ እናንተ ብቻ አስር ሰዓት ላይ ኑ፤ መኪናውንም ጠረጴዛውንም በተነጋገርነው ዋጋ አንድ ላይ ታነሡታላችሁ።» መኪና የምትለው የስፌት መኪናውን ነው፤ አባታችን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰፋበትን። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዞር ስትል አየችኝና ስልኩን ዘጋችው። «መጣሽ እንዴ?» አለች፤ «መጣሁ» አልኳት። በእኛ ቤት ሰላምታ ማለት ይኸው ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

እታለም ነው የምላት፤ በአስራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከኪሷ አንዲት የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ልጇ ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ቬሎዬን ከአያቴ በቀር ማንም አይሰፋውም ብላ አባባን ለምና አስጀምራዋለች። ባለፈው ሐሙስ ስትለካው ወገቡ አልዘጋ አለ፣ እጅጌው ከእጇ አንጓ በላይ ቀረ፣ ጀርባው ደግሞ ከረጢት ሆነ። ሙሽሪት መስታወቱ ፊት ቆማ መጀመሪያ ሳቀች አሉ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። የመጀመሪያውም አልነበረም። ከዚያ በፊት የጎረቤታችን ጉርድ ቀሚስ፣ ከዚያም በፊት የአንድ አስተማሪ ኮት ተበላሽቷል።

«ሲለካት እዚያው ቆሜ ነበር» አለች እታለም። «እየጠራ እኔ ጻፍኩ። ትክክል ነው የጠራው። ከዚያ ሄዶ ሌላ ቆረጠ። ዛሬ ጨርቅ ነው፣ ነገ ጣቱን ይቆርጣል። ያኔ ማን ሊጠየቅ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የምትዪው አንቺ ነሽ?»

ይቺኛዋ ቃል ወጋችኝ፤ የሚገባት ቦታም ገባች። «እሱስ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኮምፒውተሩ ነው ይላላ! አፍ በሌለው ነገር ማላከክ ምን ይከብዳል።» ቅጠሏን አጥፋ መልሳ ወደ ኪሷ ከተተቻት፤ እንደ ምስክር ወረቀት። እኔ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞርኩ ፎቶ ኮፒ ማሽን የምጠግን ሴት ነኝ። በየቀኑ «ማሽኑ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ግማሾቹ ራሳቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ እውነታቸውን ነው። «እስከ አስር ሰዓት ስጪኝ» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

የአባባ የሥራ ክፍል ድሮ ሰፊ ነበር። ከአምስት ወር በፊት እታለም ግማሹን በቺፑድ አጥራ ለተከራይ ሰጠችው። አልወቅሳትም፤ የመድኃኒቱንም የመብራቱንም ነገር የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔ የማውቀው የቅዳሜውን ምሳ ነው። ብቻ ያን ጊዜ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ወጣና ኮምፒውተሩ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኪቦርዱና ሆዱ አንድ ላይ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ድሮ ነጭ ነበር፣ ዛሬ የሻይ ቀለም ይዟል። ጎኑ ላይ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሃርድ ዲስክ በጠፍጣፋ ኬብል ተያይዟል። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የተገዛው። የደንበኞቹን ልክ የሚመዘግበውን ፕሮግራም አንድ የሂሳብ መምህር በአንድ ሙሉ ሱፍ ልብስ ልዋጭ ጻፈለት። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቁጥር፣ ከሥሩ አስር ልኮች። አዲስ ላፕቶፕ ልግዛልህ ባልኩት ቁጥር «የእኔን ጣት የምታውቀው ይቺ ናት» ይለኛል።

ሜትሩ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አባባን እጁ ሥራ ፈቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ቲቪ እያየ እንኳ ቁልፍ የሚተክል ሰው ነው። ጥጉ ላይ ቬሎው ጭንቅላት የሌላት የልብስ ሞዴል ላይ ተሰቅሏል፤ ጀርባው እውነትም ከረጢት ነው።

«ብሎኔ፣ መጣሽልኝ?» አለ። ትንሽ ሆኜ የፈታሁትን ብሎን ሁሉ አፌ ውስጥ ስለማስቀምጥ ያወጣልኝ ስም ነው።

«ምንድነው የምታደርግህ ይቺ ኮምፒውተር?»

«ትቀንሳለች» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲከሳት እንዳትሰማው። «የጻፍኩትን ትቀንሳለች። አንዳንዴ አርባ ትቀንሳለች፤ ያኔ አውቅባታለሁ፣ ሃያ ስድስት ወገብ ያለው ሰው የለማ። አርማትና አልፋለሁ። አራት ስትቀንስ ነው የማላውቅባት።»

«ታዲያ ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። «እኔ መስሎኝ ነዋ» አለ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ከኤሌክትሪኩ ጀመርኩ። ለካሁት፣ ደህና ነው። ኬብሉን ነቅዬ ጫፎቹን በአልኮል አጸዳሁና መለስኩት። የሃርድ ዲስኩን ሳጥን ግን አልከፈትኩትም፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ አንዴ ከተከፈተ ላይነሣ ይችላል፣ ውስጡ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ደንበኛ ሁሉ ተቀምጧል። ከዚያ ፈተናውን ያዝኩ። የሌለ ደንበኛ ፈጠርኩ፣ አስር ቁጥር ሞላሁለት፣ አስቀምጥ አልኳት። አንዱን ደንበኛ ለማስቀመጥ ዝርዝሩን በሙሉ እንደ አዲስ ስለምትጽፈው ወደ አንድ ደቂቃ ትፈጃለች፤ ቀይዋ መብራት ትጨልማለች፣ ትበራለች፣ ሆዷ ይንጓጓል። ስትጨርስ አጠፋኋት፣ አበራኋትና አነበብኩ። አባባ ኋላዬ በርጩማ ላይ ሆኖ ይከታተላል። «ትክክል» አለ፣ ደስ እያለው። ደገምኩት። «ትክክል።» በአምስተኛው ላይ ደስታው ቀነሰ። በአስረኛው «ትክክል» የምትለዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ ከበደችው። ማሽኗ ትክክል በሆነች ቁጥር የተሳሳተው እሱ ነው፤ ይህን ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። በአስራ አምስተኛው ወደ ስክሪኑ ማየቱን ተወ።

እታለም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ በትሪ አመጣች። ሁለታችንንም አየችን። «እሺስ?» አለች። «እስካሁን ደህና ናት» አልኳት። ደስ ቢላት ይሻለኝ ነበር፤ ልጣላት እችል ነበራ። እሷ ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ የአባባን ውሃ ቀዳችለትና ወጣች። ከቺፑዱ ወዲያ የተከራዩ ሬዲዮ የአየር ሁኔታ ያወራል። ምሳውን ማናችንም በቅጡ አልበላነውም። ሃያኛውንም ሞከርኩ፣ ሃያ አንደኛውንም። አንዲት ቁጥር ንቅንቅ አላለችም። እውነቱን ልናገር፤ ስምንት ሰዓት ላይ እታለምን አመንኳት። አባቴ ጨርሷል ብዬ በልቤ ተናገርኩ፣ ኋላዬ ተቀምጦ ትንፋሹ እየተሰማኝ። ያን ስላሰብኩ ዛሬም ራሴን እቀየማለሁ።

«አባባ፣ ምናልባት…» ብዬ ዞርኩ።

«ተነሺ» አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። «እንደ እንግዳ ሰው ነው የምትነኪያት። ተነሺ፣ እኔ እንደማደርገው ላሳይሽ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፣ ግን ጣቶቹ አይፈልጉም፣ በቀጥታ ይወርዳሉ። አስሩን ቁጥር ጻፈ፤ አስቀምጥ አላት፤ ቀይዋ መብራት መጫወት ጀመረች። አባባ ቁጭ ብሎ አላያትም። ባለ ጎማ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ቁራጭ ጨርቅ አነሣና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ። መኪናው አጓራ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ቁልፎች እርስ በርሳቸው ተንጫጩ።

«አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ መብራት ልቁጠር?» አለ፣ ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሣ።

መብራቷ እስክትረጋ ጠበቅኩ። አጠፋኋት፣ አበራኋት። ስድሳ ስድስት ብሎ የጻፈው ስድሳ ሁለት ሆኗል። ሰባ አምስቱ ሠላሳ አምስት ሆኗል። ጮህኩ። አባባ እጄን ያዘ። ሳይሰፋ ደገምነው፣ ትክክል ሆነ። እየሰፋ ደገምነው፣ ተሳሳተች። አሁንም ሳይሰፋ፣ አሁንም እየሰፋ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ከእንግዲህ ፈርቼ የምተወው ነገር አልነበረም፤ የሃርድ ዲስኩን ሳጥን አራት ብሎኖች ፈትቼ አፌ ውስጥ አስቀመጥኩና ክዳኑን አነሣሁ።

አንዲት ስፒል። ራሷ ቀይ ዶቃ የሆነ፣ አባባ ጨርቅ የሚያያይዝባት ዓይነት። ጠፍጣፋው ኬብል ከውስጥ በሚገናኝበት ቦታ፣ በተበየዱት እግሮች ላይ ተጋድማለች፤ ጫፏ አንደኛውን እግር ለመንካት የፀጉር ያህል ይቀራታል። ጠረጴዛውን በጉልበቴ ገፋ ሳደርገው ጎንበስ ብላ ነካችውና ተመለሰች። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ክፍሉ ከጠበበ ወዲህ ቦታ ስለጠፋ አባባ የስፒል ሳህኑን ያስቀምጥ የነበረው የሃርድ ዲስኩ ሳጥን ላይ ነው፤ የሳጥኑ ክዳን ደግሞ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው።

ብሎኖቹን ከአፌ አውጥቼ እታለምን ጠራኋት። ለእሷ እንዲገባት ቀለል አድርጌ ነገርኳት። አንድን ቁጥር የሚያደርሱት ስምንት ሽቦዎች ናቸው፤ ስፒሏ የምትነካው አንዱን ነው፣ የአራትን ድርሻ የሚሸከመውን። ስትነካው አራቱ ይጠፋል። ሰባት የነበረው ሦስት፣ ስድስት የነበረው ሁለት ይሆናል። ስምንትና ዘጠኝ በዚያ ሽቦ ስለማይሄዱ አትነካቸውም። ኮምፒውተሯ ስታነብ ብትሳሳት ደግማ ስታነብ ይስተካከላል፤ ስትጽፍ የተሳሳተችው ግን እዚያው ይቀመጣል። እታለም ክንዶቿን አጣምራ ሰማችኝ፤ ፊቷ አልተፈታም። «እሺ፣ ዛሬ ስላደረገች ሁልጊዜ አድርጋለች ማለት ነው?» አለች። የአባቷ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ለክታ አትቆርጥም።

ግድግዳው ላይ የድሮ ደንበኞች የካርቶን ቅዶች በምስማር ተሰቅለዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ልኩ በእርሳስ ተጽፏል። አንድ በአንድ እያወረድኩ ከስክሪኑ ጋር አስተያየኋቸው። ኮቱ የተበላሸበት አስተማሪ በትከሻው አራት ሴንቲሜትር ከስቷል። ጎረቤታችን በዳሌዋ ከስታለች። እታለም ራሷ በወገቧ ከስታለች። መጨረሻ ላይ ዳቦ ጋጋሪውን አወረድኩ፤ ሆዱ በር የማያስገባው ሰው ነበር፣ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ካርቶኑ ላይ ሆዱ መቶ ሃያ አራት ነው፣ ስክሪኑ ላይ መቶ ሃያ።

«ጋጋሪውም?» አለች እታለም። «ከሞተ በኋላ?»

«ከሞተ በኋላ ነው የከሳው። እይ፣ ሁሉም ከስተዋል፣ አንድም የወፈረ የለም! ሰው ቢሳሳት አንዱን ያከሳል፣ ሌላውን ያወፍራል። ስፒሏ ግን ማክሳት ብቻ ነው የምታውቀው።»

እታለም ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ትከሻዋ መንቀጥቀጡን አላቆመም። አባባን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ቅጠሏን ከኪሷ አውጥታ ኪቦርዱ ላይ ጣል አደረገችና «የልጅቷን አስተካክሉላት» ብላ ወጣች። ከኮሪደሩ ድምጿ ይሰማን ነበር፤ «አትምጡ… አይ፣ ዋጋ ጨምሩ ማለቴ አይደለም፣ ትቼዋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከዚያ የቁም ሣጥን ቁልፍ ሲንኳኳ ሰማን።

ስፒሏን በጣቴ አንሥቼ መዳፌ ውስጥ ያዝኳት፣ ክዳኑን መልሼ አሰርኩ፣ የሙሽሪትን ቁጥር ከፈትኩ። በሥራዬ ኩራት ሞልቶኝ ነበር፤ አልደብቅም። ከቅጠሏ እያነበብኩ አረምኩ። ወገብ ስድሳ ስድስት፣ ስክሪኑ ላይ ስድሳ ሁለት፤ ስፒሏ ናት። እጅጌ ሃምሳ ሰባት፣ ስክሪኑ ላይ ሃምሳ ሦስት፤ ስፒሏ ናት። የጀርባ ርዝመት ሠላሳ ስምንት። ስክሪኑ ላይ አርባ ሦስት።

ደግሜ አየሁት። ሠላሳ ስምንት፣ አርባ ሦስት። ይህ ቁጥር ወፍሯል። ሦስቱም ወፈረ፣ የማትነካው ስምንትም ተለወጠ። ከዝርዝሩ ሁሉ ይሄ አንድ ብቻ። ጣቴ በራሱ ሄዶ የደንበኛ ቁጥር አንድን ከፈተ። ቁጥር አንድ እናታችን ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ልኳ ግን አልተሰረዘም። የጀርባ ርዝመት፣ አርባ ሦስት። የልጅ ልጁን ለክቶ፣ በአፉ ትክክል ጠርቶ፣ ከዚያ ተቀምጦ የእናቴን ጀርባ ጻፈ። ቆረጠውም።

አባባ ኋላዬ ቆሟል። መቼ እንደተነሣ አላወቅኩም። ቁጥር አይቶ የማይረዳ ሰው አይደለም።

«እሷ አትጨምርም፣ አይደል?» አለ።

«አትጨምርም፣ አባባ።»

ከቺፑዱ ወዲያ ያለው ሬዲዮ ሙዚቃ ጀምሯል። አባባ ቬሎውን አየ፣ መዳፌን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ለምኖኝ በማያውቅበት ድምፅ፣ «ስፒሏን መልሻት» አለኝ።

«ምን?»

«ከነበረችበት መልሻት። እሷ ካለች በእሷ ይሳበባል።»

ትንሽ ሆኜ ትምህርት ቤት እንዳይቀርብኝ ትኩሳቴን ስደብቅ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የሚገስጸኝ እሱ ነበር። ምላሴ ላይ መጣችና ዋጥኳት። «እኔ መስሎኝ ነዋ» ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ሲናገረው ለካ ግማሹ እውነት ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር። ስፒሏን አልመለስኩም። አልጣልኳትምም። የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ሰካኋት። አርባ ሦስቱን አጥፍቼ ሠላሳ ስምንት ጻፍኩና አስቀምጥ አልኳት፤ መብራቷ እስክትረጋ ሁለታችንም ምንም ሳንሰፋ ቆመን ጠበቅናት።

እታለም መቀሱን በፎጣ ጠቅልላ ገባች። ለእሱ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ። «እንግዲህ ሁሉም ኮምፒውተሩ ነው?» አለች።

«ሁሉም።»

ዓይኗ ወደ ሞዴሏ ሄደ። እሷም የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ማክሳት ብቻ የሚያውቅ ነገር ከረጢት እንደማያወጣ ለማወቅ ማንም አያስፈልጋትም። «ጀርባውም?» አለች።

«ጀርባውም።»

ፎጣውን ቀስ ብላ ፈታችው። ቁጣዋን ጠብቄ ነበር። «እንግዲያው» አለች፣ «ቅዳሜ ብቻ አይበቃም። በመሀልም ብቅ እያልሽ።» መቀሱን በሁለት እጇ ለአባባ ሰጠችው፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት።

ቬሎውን አውርዶ ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሜትሩን ከአንገት እስከ ወገብ አስኬደ፣ ጠመኔውን አነሣ። «ሠላሳ ስምንት» አለ። ወትሮ ቁጥሩን ከጠራ እጁ አይጠብቅም። አሁን ግን ጠመኔውን ጨርቁ ላይ ሳያሳርፍ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሠላሳ ስምንት» አልኩት።

አሁንም አላሰመረም። ያኔ እታለም ከበሩ አጠገብ ሆና፣ ቅጠሏን ሳታይ፣ «ሠላሳ ስምንት፣ አባባ» አለችው።

አሰመረ። ከዚያ ቆረጠ።